ለኮምቦልቻ የሚሆን እጀ ጉርድ

ጣይባ ጨርቁ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ሁለት እጆቿ ሽቅብ ተሰቅለዋል፤ ፊቷ በሰማያዊ አበባ ተሸፍኗል፤ ከአንገትጌው ቀዳዳ ብቅ ያለው አናቷ ብቻ ነው። ጉም በሸፈነው የበልግ ጧት፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ግቢያቸው መካከል ሆና፣ አንዴ ወደ አህያይቱ ጋጣ አንዴ ወደ አጥሩ ትንገዳገዳለች።

«ሳቢው» አለች ከውስጥ።

«ወዴት?» አለች የኔነሽ። የኔነሽ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከጣይባ ጋር አብራ ያደገች፣ ምላሷ ከመርፌ የማያንስ።

«ወደ ታች ነዋ።»

የኔነሽ ጎተተች። ጨርቁ ጥቂት ሄደና ቆመ።

«እምቢ አለ። እስካሁን የወጣሽው የእንቁላል ያህል ነው።»

«ጠንከር አድርገሽ ሳቢ እንጂ።»

«አቦ፣ ጠንከር ካደረግሁማ ጆሮሽ ይቀራል። ጆሮሽ ይሻልሻል ወይስ ልብሱ?»

ጣይባ መንገዳገዷን አቆመች። እውነትም እያሰበችበት ነበር።

በዚህ መሐል የአጥሩ በር ተከፈተና ሼህ ዘይኑልአቢዲን ገቡ። የጣይባን አባት ፈልገው ነው። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ቀና ሲሉ፣ እጆቹን ወደ ሰማይ የዘረጋ፣ ራስ የሌለው ሰማያዊ ነገር ፊታቸው ቆሟል።

«ወዓለይኩሙ ሰላም፣ አባባ ሼህ» አለ ሰማያዊው ነገር። «አባ ገበያ ወጥተዋል።»

ሼሁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ሱብሐነሏህ። ይቺ ማናት?»

«ጣይባ ናት፣ አባባ ሼህ» አለች የኔነሽ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፍና። «ልብስ እየሰፋች ነው።»

«እየሰፋች ነው ወይስ እየተሰፋች?» አሉና ሼሁ፣ መልሱን ሳይጠብቁ በመጡበት ወጡ።

ጣይባን ያወጣቻት እናቷ ናት። አንገትጌውን በመቀስ ጫፍ ሸርከት አድርጋ ጨርቁን ከላይ ገፈፈችላት። ከዚያም ቀዳዳውን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አነሳችው።

«ምኑን ለክተሽ ነው የቆረጥሽው?»

«አንገቴን። በሲባጎ ለክቼ።»

«ጭንቅላትሽ በየት ሊገባ ነው ታዲያ?»

ጣይባ የተበጠረቀ ሹሩባዋን በእጇ ደፈቀች። «እኔ ምን ላድርግ? አንገትጌ ይባላል እንጂ ጭንቅላትጌ አይባልም።»

እናቷ ቀዳዳውን ዳግም አየችው። እርግጥም አይባልም።

እንግዲህ ነገሩ ከልጅ ጨዋታ ያለፈ ነበር። ጣልያን ደሴ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ካሚዮን ይመላለሳል፣ መንገድ ይሠራል፣ ሰው ይጎርፋል። የጣይባ ታላቅ እህት ከሪማ ኮምቦልቻ ነው የተዳረችው። የከሪማ አማት እሜት ሸዋረጋ ደግሞ፣ አንድ ዓረብ ነጋዴ ወደ አገሩ ሲገባ የሸጠላቸውን የስፌት መኪና ይዘው፣ ለቆላው ሴት በሽርጥ ላይ የሚለበስ ስስ እጀ ጉርድ እየሰፉ ለገበያው እጃቸው አልበቃ ብሏል። ያን ጊዜ ደሴ ውስጥ የስፌት መኪና ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ወንድ ነው። ጣይባ ፒያሳ የሚል አዲስ ስም ወደ ወጣለት ሰፈር ወርዳ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ደጃፍ ቆማ እግራቸው ሲረግጥና መርፌው ሲዘል ስታይ ትውል ነበር። አንዱ ሰፊ ዘወትር የሚላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጄ፣ ብርሃኔን ጋረድሽው።»

ታዲያ በሚያዝያ የከሪማ ባል በሺር ከኮምቦልቻ ሲመጣ መልእክት ይዞ መጣ። የእናቱን አነጋገር ሳይቀንስ ሳይጨምር እንዲህ አለ። «ከመኪናው ጎን አንዲት ልጅ ላስቀምጥ እፈልጋለሁ። የከሪማ እህት ትሞክር። ለኮምቦልቻ የሚሆን አንድ እጀ ጉርድ ራሷ ለክታ፣ ራሷ ቆርጣ፣ ራሷ ሰፍታ፣ ለብሳው ትምጣና ልያት። ካማረኝ ትቀመጣለች። ካላማረኝ ከአባቷ ጋር ትመለሳለች።»

መመለስ ማለት ደግሞ አክስቷ ዘንድ ገብቶ ጥጥ መፍተል ማለት ነው፤ ያ አስቀድሞ ተቆርጧል። ጣይባና እንዝርት አይዋደዱም። እሷ ስታሾረው ክሩ ይበጠሳል፤ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር አክስቷ ምላሷን ጧ ታደርጋለች፤ ያቺ ጧ ስለምትመጣ ደግሞ እጇ ይቸኩልና ክሩ እንደገና ይበጠሳል። ከዚያ ቤት የሚያወጣት መንገድ ይኸው አንድ እጀ ጉርድ ነበር። አባቷ ሰይድ ሰማያዊ አበባ ያለበት ቺት ጨርቅ ገዝቶ ሰጣት። «ሌላ የለም፤ አስበሽ ቁረጪ» አላት።

ጣይባ አስባ ቆረጠች። ሐሳቧ ነው ጠማማ የሆነው።

አንገትጌው እንዲያ ሆነ። እሱን ላስፋ ስትል በአንድ ወገን ሰፋ፤ ሁለቱን ወገን ላስተካክል ስትል ሁለቱም ሰፋ። ቀጥሎ እጅጌ ሆነ። ሁለቱን እጅጌ አበባውን ሽቅብ ደራርባ ቆርጣ ነበርና ገጥማ ስትሰፋቸው አንዱ አበባውን ወደ ውጭ አሳየ፣ ሌላው ወደ ውስጥ።

«ደግ ነው» አለች የኔነሽ። «አንዱ ለሰው፣ አንዱ ላንቺ።»

ተረተረችው። ገልብጣ ሰፋችው። አሁን አበባው ተስማማ፤ ግን ለብሳ እጇን ስታነሳ ብብቷ ስር ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ጠበበኝ» አለች። «በሲባጎው ልክ ነው የቆረጥኩት፤ ስለምን ጠበበኝ?»

ለምን እንደጠበባት ለማወቅ ጣይባን ማወቅ ያስፈልጋል። ደሴ ተወልዳ ደሴ ያደገች ትሁን እንጂ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ንፋስ እስከ ዛሬ አልታረቀችውም። ሰፈሩ «ብርዳሟ» ይላታል። ከገላዋ ላይ የወንድሟ የጀላል የነበረ ወፍራም የሱፍ ሹራብ አለ፤ በሹራቡ ላይ አንድ የአቡጀዴ ቀሚስ፤ በሱ ላይ ደግሞ ሌላ ቀሚስ። በበልግ እነዚህን አውልቃ አታውቅም፤ ሲብስባትም ተኝታባቸዋለች። ቤቱ ጨለማ ስለሆነ የምትለካው ግቢ ወጥታ ነው፤ ግቢ ደግሞ ብርድ አለ፣ አላፊ አግዳሚም አለ። ስለዚህ ሲባጎውን ስትጠመጥም በሹራቡና በሁለቱ ቀሚስ ላይ ነው፤ ሲባጎ ሱፍ ይጨምቃል፣ ቺት ግን አይጨምቅም፤ እጀ ጉርዱን ስትሞክር በሹራቡና በሁለቱ ቀሚስ ላይ ነው። ይህን እሷም አላሰበችው፣ እናቷም፣ ያቺ ሁሉን የምታይ የኔነሽም። ደሴ ውስጥ ገላ ማለት ልብስ ነው፤ ማን ለይቶት ያውቃል?

ከትርፍራፊው ቁራጭ አውጥታ ብብቱ ስር ማስፊያ ጨመረች። ደረቱ ሲይዛት ጎኑን ለቀቀችው። ጀርባው ሲወጥራት በዚያም ጨመረች። ያ ልብስ በየቀኑ እየሰፋ ሄደ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች እናቷ የጣይባን ጥድፊያ አይታ፤ ልጅቷ ግን ጆሮዋም እጇም መርፌው ላይ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ፀሐይ ለአመል ያህል ብቅ ባለችበት፣ ጣይባ እጀ ጉርዱን አጥልቃ ግቢው መሐል ቆመች። ጭንቅላቷ ገባ። እጇ ተነሳ። ጎንበስ አለች፤ የሚጮህ ነገር የለም። የኔነሽ ዞረቻት፣ ዞረቻት። ከፊት አየች፣ ከኋላ አየች፣ ጠርዙን ገልባ ውስጡን አየች።

«ወይኔ» አለች በመጨረሻ ቅር እንዳላት። «የምለው አጣሁ።»

እናቷ ከበሩ ላይ ሆና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወላሂ ልክሽ ነው። እንዲያው ገላሽ ላይ የበቀለ ነው የሚመስለው።»

ጣይባ ያን ዕለት ማታ እጀ ጉርዱን አጣጥፋ በንጹሕ ጨርቅ ቋጠረችውና፣ ከራስጌዋ አስቀምጣ ሹራቧን እንደለበሰች ተኛች።

ጉዞው በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተጀመረ። ሰይድ አህያይቱን ገብስ ጭኖ ከፊት፣ ጣይባ ጥቅልሏን አቅፋ ከኋላ። ደሴን ሲለቁ ከአፋቸው ጭጋግ ይወጣ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ሲጀምሩ ፀሐይ ተረከዛቸውን ያዘች። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አየሩ እየተለወጠ፣ የዛፉ ቅጠል እየሳሳ፣ የሰዉም ልብስ እየሳሳ መጣ። ሰይድ ጋቢውን አውልቆ በጭነቱ ላይ ጣለው። ትንሽ እልፍ ብሎ ሸሚዙን ከፈተው።

«ልጄ» አለ ዞር ብሎ፣ «አህያይቱ እንኳ አላባት። ያንን ሹራብ አታወልቂም?»

«ደህና ነኝ፣ አባ።»

«ፊትሽ በርበሬ መስሏል እኮ።»

«መንገድ ላይ አውልቄ ሰው ምን ይለኛል? እታለም ቤት ስደርስ።»

ካሚዮን እየተንኳኳ አለፈ፤ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ። ጣይባ ጥቅልሏን በነጠላዋ ሸፈነችው። ራሷን አልሸፈነችም።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ሰይድ የእሜት ሸዋረጋ ደጅ ካለው ዋርካ ስር አህያይቱን አሰረና ቁጭ አለ። «ሐረጎን በቀን መውጣት አለብኝ። ብዙም ሳትቆዪ ወሬውን ንገሪኝ፤ ወይ ይዤሽ እሄዳለሁ፣ ወይ ትቼሽ እሄዳለሁ።»

ከሪማ እህቷን እያገላበጠች ሳመቻት፤ ሳመቻትና እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ምነው እንዲህ ረጠብሽ? ቦርከናን ዋኝተሽ ነው የመጣሽው? ነይ፣ ጓዳ ግቢ፤ እሜት አሁን ከሶላት ይነሣሉ። ይኸው ሽርጥ። ያንን ሁሉ አውልቂና ልብስሽን ልበሺ።»

ጓዳ ገባች። የላዩን ቀሚስ አወለቀች፤ እፎይ አለች። የውስጡን አወለቀች። ሹራቡን ስታወልቅ ከገላዋ ላይ እንደ ቆዳ ተገፈፈ። ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም። ሽርጡን አገለደመች። ከዚያ ጥቅልሏን ፈታ እጀ ጉርዱን በራሷ ላይ አጠለቀች።

እጀ ጉርዱ በትከሻዋ አለፈ። ቁልቁል ሄደ። ክንዷ ላይ ደርሶ በግራ ወገን ቆመ፤ በቀኝ ወገን አልቆመም።

ቀና አደረገችው። ተንሸራተተ። በሌላ ወገን ሳበችው፤ በዚያኛው ወረደ። ጎኑን ስትጨብጥ እጇ ሙሉ ጨርቅ ሆነ። ጀርባው ለብቻው ከኋላዋ ነፋስ ይዞ ይንቦራቀቃል።

ከሪማ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየቻት። ገባ ብላ ጓዳውን ቃኘች፣ ከእህሉ ጎታ ጀርባ አየች፣ ከአልጋው ስር ጎንበስ ብላ አየች።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለች ጣይባ።

«ሌሎቹን። ሌሎቹ የት አሉ? ብቻሽን ነው እንዴ የለበስሽው?» አለችና ግድግዳውን ይዛ መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ ድምፅ እንዳይወጣ ሽርጧን ነክሳ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር።

ጣይባ አልሳቀችም። «ትናንት ልኬ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ወላሂ ትናንት ልኬ ነበር። እናቴ ገላሽ ላይ የበቀለ ይመስላል ብላለች።» ከዚያ ዓይኗ መሬት ላይ ወደተከመረው ሹራብና ወደ ሁለቱ ቀሚስ ሄደ። ቆየት ብላ አየቻቸው። እነሱም አዩዋት።

ከሪማ ሳቋን ዋጠች። «አብሽሪ። የኔን ልበሺ፤ ይኸው፣ አበባው እንኳ ይመሳሰላል። እሜት ዓይናቸው ደክሟል።»

«ያንቺን ማን ሰፋው?»

«እሳቸው።»

«እሳቸው የሰፉትን ለብሼ፣ እኔ ሰፋሁት ልበላቸው?»

ከሪማ የያዘችውን ቀስ ብላ መልሳ ሰቀለች።

ከውጭ የእሜት ሸዋረጋ ድምፅ መጣ። «ከሪማ። ልጅቷ አልደረሰችም?»

ጣይባ ወደ በሩ አየች፣ ወደ ሹራቡ አየች። ዋርካው ስር የተቀመጠውን አባቷን አሰበች፣ አክስቷን አሰበች፣ ያቺን ጧ አሰበች። ከዚያም ሹራቡን አነሳች።

«አበድሽ?» አለች ከሪማ በሹክሹክታ።

«ልብሱ ልክ የሚሆንበትን አውቃለሁ» አለችና ጭንቅላቷን ከርጥቡ ሱፍ ውስጥ ከተተች። ሁለቱን ቀሚስ ደረበች፣ እጅጌውን ሁሉ ሽቅብ ጠቀለለች፣ ዘርፉን ሽርጡ ውስጥ ሸጎጠች፣ እጀ ጉርዱን መልሳ ከላይ አጠለቀች።

የእሜት ሸዋረጋ መሥሪያ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን ፀሐይ ሲመታው ምጣድ ይሆናል። መኪናው በመስኮቱ ስር ተቀምጧል፣ ጥቁር ሆኖ፣ እንደ ደህና በቅሎ አንገቱን ቀልሶ። እሜት ሸዋረጋ ከሱ ጎን በሰሌን ማራገቢያ ራሳቸውን እያራገቡ ጣይባን ከእግር እስከ ራሷ አዩ። ሽርጥ ለብሳለች፤ ከሽርጡ በላይ እጀ ጉርድ፤ ከእጀ ጉርዱ ስር ደግሞ አንድ ወፍራም ሰው።

«ነይ እስቲ። ዙሪ።»

ዞረች።

«እጅሽን አንሺ።»

አነሳች።

«ጎንበስ በይ። ቀና በይ።» የስፌቱን መስመር በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። «እጅሽ ጥሩ ነው። ስፌትሽ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ልኩም ልክ ነው።»

ጣይባ መኪናውን ሰረቅ አድርጋ አየች። ከእሜት ኋላ የቆመችው ከሪማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተቀመጪ» አሉ እሜት። «ከመንገድ ነው የመጣሽው፤ አንድ ነገር ቅመሺ። ከሪማ፣ ሻዩን አምጪላት፤ ዝንጅብሉን በርከት አድርጊው።»

ሻዩ እየፈላ መጣ። ጣይባ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ከውስጥ ተቀጣጠለች። እሜት ሸዋረጋ ደግሞ ጨዋታ ወዳጅ ናቸው። የእናቷን ጤና ጠየቁ፣ የአባቷን፣ የወንድሟን የጀላልን፣ የሼህ ዘይኑልአቢዲንን፣ የሼሁን በቅሎ። ስለ በልጉ ዝናብ ጠየቁ፣ ስለ ደሴ መንገድ ጠየቁ። አውቀው ያደረጉት ይሁን ሳያውቁ፣ እስከ ዛሬም አልተናገሩም፤ ብቻ ማራገቢያውን ወደ ራሳቸው እንጂ ወደ ጣይባ አላዞሩትም።

«ሙቀቱ እንዴት ነው? አልከበደሽም?»

«አይ፣ ደህና ነው። ደሴም እንዲሁ ነው።»

«ደሴ?»

«አዎ። አንዳንዴ።»

ላቡ ከግንባሯ ጀምሮ እስከ አገጯ ደረሰ። በጀርባዋ አንድ ወንዝ ወረደ። ሹራቡ መብላት ጀመረ፤ ማከክ ደግሞ አይቻልም። ይህ ሁሉ ሳያንስ ቺቱ ርካሽ ነበርና፣ በብብቷ ዙሪያ ሰማያዊው ቀለም መፍሰስ ጀመረ።

እሜት ሸዋረጋ ጎንበስ ብለው አዩ። «አበቦችሽ ዝናብ አገኙ።»

«ቀለሙ... እንዲሁ ነው የሚያበራው።»

«ማሻአላህ። ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ።»

ጣይባ ጠጣች። ቤቱ ትንሽ ዞረባትና ቆመ። እንዲያም ሆኖ በልቧ ትቆጥር ነበር፤ ትንሽ ነው የቀረው፤ ተነሺ ይሉኛል፤ ጓዳ እገባለሁ፤ አበቃ፤ መኪናው የኔ ነው።

እሜት ሸዋረጋ ግን ማራገቢያቸውን ወደ መስኮቱ ቀሰሩ። «እንግዲህ የምትቀመጪው እዚያ ነው፤ ከመኪናው ጎን። ብርሃን ያስፈልጋል። ክረምት እስኪገባ ፀሐዩ ከዚያ መስኮት አይነሳም። ይኼንኑ ለብሰሽ ትውያለሽ፤ ልብስሽ ለገበያተኛው መታያ ይሆነናል። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ይስማማሻል?»

ከሪማ ከኋላቸው ራሷን በኃይል ነቀነቀች፤ አዎ በይ።

ጣይባ አፏን ከፈተች። አዎ ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ነገር ግን ነገን አየችው። ነገን በሹራብ። ከነገ ወዲያን በሹራብ። በጠራራው ፀሐይ ስር ተቀምጣ፣ ገበያተኛው ከብቦ ለቆላ የሚሆን ስስ ልብስ ነው ብሎ ሲያደንቅ፣ እሷ ውስጥ ለውስጥ ስትቀቀል። ሌሊትስ? ከሰው ጋር ነው የሚተኛው፤ መቼ ልታወልቅ ነው? አንድ ጊዜ ለማታለል ላብ ይበቃል፤ ለዘወትር ለማታለል ግን ሌላ ገላ ያስፈልጋል።

ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እሜት፣ አንድ ጊዜ ጓዳ ገብቼ ልመለስ።»

«ግቢ።»

ከሪማ ልትከተላት ስትል እሜት «አንቺ ተይ» አሏት።

ጣይባ ስትመለስ ቀጥና ነበር። ሹራቡንና ሁለቱን ቀሚስ በአንድ ክንዷ ታቅፋለች፤ በሌላው እጇ የእጀ ጉርዱን አንገትጌ ትከሻዋ ላይ ጨብጣ ይዛለች፤ ባትይዘው ይወርዳል። ጎኑ ላይ የተረፈው ጨርቅ እንደ ድንኳን ይርገበገባል። በክፍሉ መሐል መጥታ ቆመች። ቀጥ ብላ።

እሜት ሸዋረጋ ማራገብ አቆሙ።

«የለካሽው ማነው?»

«እኔው ነኝ።»

«በምን ላይ?»

«በዚህ ላይ» አለችና የታቀፈችውን ከፍ አደረገች። «አንድ ሹራብና ሁለት ቀሚስ። ደሴ በርዶኝ ነበር።»

አሮጊቷ የታቀፈችውን አዩ፣ የለበሰችውን አዩ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። ትከሻቸው ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ቆይቶ ሆዳቸውም ተከተለ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሹራቡን ግን» አሉ፣ «ደህና አድርገሽ ነው ያለበስሽው።»

ጣይባ መሬት መሬት አየች። ከንፈሯ ሳይፈቀድለት ወደ ሳቅ ሄደ፤ መለሰችው።

«አምጪው» አሉ እሜት እጃቸውን ዘርግተው። «በስፒል ልያዘውና ጎን ጎኑን በመኪና ልርገጥልሽ። ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጥ ያልቃል።»

መኪናው እዚያው ነበር። ያን ያህል ቀን ያለመችው መኪና፣ አንድ ጊዜ ቢረግጡት ልብሷ ልኳ ይሆናል። ጣይባ አየችው። ከዚያ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መቀሱን አየች።

«መጀመሪያ ልተርትረው» አለች። «ማስፊያውን ሁሉ አወጣለሁ። ከዚያ እንደገና እለካለሁ። በገላዬ።»

«ተመልሰሽ ጨርቅ ብቻ ነው የምትይዢው።»

«አዎ።»

እሜት ሸዋረጋ መቀሱን አንስተው እጀታውን ወደሷ አዙረው ሰጧት። ወደ ኋላቸውም ሳይዞሩ፣ «ከሪማ፣ ይቺ ልጅ የምትለብሰው ነጠላ ፈልጊላት። ከዚያ ምንጣፉን መኪናው ጎን አንጥፊ፤ ግን ከፀሐዩ ፈቀቅ አድርጊው» አሉ። ማራገቢያቸውን አንስተው ትንሽ ካራገቡ በኋላ ጨመሩ፤ «ያንንም ሹራብ ከፊቴ አርቁልኝ። ሳየው ያልበኛል።»

ጣይባ በከሪማ ነጠላ ተጠቅልላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እጀ ጉርዱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ከብብቱ ጀመረች፤ የመቀሱን ጫፍ ከማስፊያው ስር አስገብታ የመጀመሪያውን ክር በጠሰች። ያን ስፌት ለመስፋት ከሰዓት ሙሉ ተቀምጣበት ነበር። ሁለተኛውን በጠሰች። ሦስተኛው ላይ እጇ ለመደ።

ከደጅ የአህያይቱ ኮቴ ተሰማ፤ ቀጥሎ የሰይድ ድምፅ። «እሜት ሸዋረጋ። ፀሐይ እያዘነበለች ነው። ልጅቷን ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?»

እሜት ሸዋረጋ ማራገቢያቸውን ወደ ጣይባ አዙረው ጠበቁ።

ጣይባ ከጨርቁ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ መለሰች።

«አባ፣ ትተውኝ ይሂዱ። እኔ ገና እየተረተርኩ ነው።»